አባቴ በአንገቱ የተሸከመው ድንጋይ

ኑ፣ ወዲህ ጠጋ በሉ። በሩን ገርበብ አድርጉትና ዝናቡ ውጭ እንዳሻው ይሁን። አንቺ ትንሿ፣ ነጎድጓዱን ሰምተሽ ጆሮሽን የደፈንሽው፣ አንቺ እዚህ ጭኔ ላይ አረፍ በይ። አልስቅብሽም። እኔ ራሴ ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ ዛሬም ሰማይ ሲያጓራ አልጋ ሥር ግቢ ግቢ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሚካኤልን ስትሳለሙ እጃችሁን የምታሳርፉበትን ያን በሩ አጠገብ ያለ ጥቁር ድንጋይ ታውቁታላችሁ አይደል? የእሱ ነገር ነው።

ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ ቸኮል ይባላል፣ እናቴ ሰብሌ። ቦራ የምንለው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንድ በሬ ነበረን። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ አባቴ ከጎረቤታችን ከይሄነው ጋር ተቀናጅቶ ነበር። የእኛን በሬና የእሱን በሬ አንድ ላይ ጠምደው ተራ በተራ ያርሳሉ። ዛሬ የእኛ ማሳ ከሆነ ነገ የእሱ ነው። ተራው ያለፈበት ሰው ደግሞ እስኪደርሰው ይጠብቃል፤ ዝናቡ ግን አይጠብቀውም።

በዚያ ዓመት ተራችን ሰኔ ሚካኤል ላይ ዋለ።

ሰኔ ሚካኤል ማለት፣ ልጆቼ፣ ሞፈር የሚነካ ሰው የሌለበት ቀን ነው። አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ደጁ ይተማል። እኔ ስነሣ አባቴ ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷ ገፍቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አባዬ፣ ሚካኤል አትሄድም?» አልኩት።

«አንቺ ሁለቴ ተሳለሚልኝ» አለና ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ሄደ። እናቴ ቀና ብላ አላየችውም። የተጣሉ መሰለኝ።

ከቀትር በኋላ ምሳውን ይዘንለት ወጣን። እናቴ መራመድ አቅቷት ኋላ ስትቀር እኔ ጉብታውን ሮጬ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ አባቴን አየሁት። በሬዎቹ ተፈትተዋል። ቦራ ማሳው ጫፍ ላይ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ታስሯል፣ የይሄነው በሬ ከታች ጅረቱ ላይ ውሃ ይጠጣል። አባቴ ትልሙ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን አፈር ውስጥ ከትቶ፣ ግንባሩ መሬት ሊነካ ጎንበስ ብሏል።

የሚሰግድ መሰለኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ «ሚካኤል ሊመጣበት ነው፣ አውቆታል፣ እየለመነው ነው» አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ድምፁን አልሰማሁትም፤ በእግሬ ገባና በደረቴ ወጣ ብላችሁ ይቀላል። ዓይኔን ስገልጥ ጽዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ ይጨሳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ቦራ በጎኑ ወድቋል፤ እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀዋል። አባቴ በደረቱ ተዘርግቷል። እናቴ ከኋላዬ ስትጮህ ነው እኔም መጮህ የጀመርኩት።

አባቴ ግን ተነሣ። አንዴ ቦራን፣ አንዴ እኛን እያየ ተነሣ። እግሩ ሥር፣ ትልሙ ውስጥ፣ የጎልማሳ ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ግማሹ ከአፈር ወጥቶ ነበር።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ነጩን እንደለበሰ ሮጦ መጣ። ይሄነው ከሁሉ ቀድሞ የራሱን በሬ ዳበሰ፣ ደህና መሆኑን ካየ በኋላ ነው ወደ እኛ የመጣው። በዱላው ጫፍ ድንጋዩን ነካ ነካ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው ቸኮል?»

«ማረሻዬን የነከሰው እሱ ነው!» አባቴ ጆሮው ስለደነቆረ ይጮሃል። «ላወጣው ብዬ በሬዎቹን ፈታሁ። መብረቁ ሳይወርድ በፊት ነው ያገኘሁት!»

«ደንግጠህ ነው ወንድሜ። ሰው ሲደነግጥ ፊቱና ኋላው ይምታታበታል። አታየውም እንዴ፣ ከመብረቁ ጋር ተቃጥሎ የወረደ ነው፤ ከሰል መስሏል እኮ!»

«በሚካኤል ቀን...» አለች አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። የቀረውን አልተናገረችም። ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ጎረቤታችን ኡሙልኸይር ብቻ ቀረበች። እስላም ናት፣ ባሏ ሞቶባታል፣ እኛ ቤት እንደ እህት ናት። እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈችና «ወላሂ፣ ይሄማ ቀዝቃዛ ነው!» አለች።

«ዝናብ አልዘነበበትም እንዴ አንቺ ሴትዮ! ምን ይሁን ብለሽ ነው?» አላት ይሄነው። አንዳንዱ ሳቅ አለ፤ ያ ሳቅ ከመብረቁ ይልቅ አስፈራኝ።

እኔ በእናቴ ቀሚስ ተሸሽጌ ድንጋዩን አየሁት። ስንጥቅ ነበረበት። ከስንጥቁ ውስጥ ነጫጭ፣ ቀጫጭን ነገሮች ወጥተው በነፋሱ ይንቀሳቀሳሉ። ጣቶች መሰሉኝ። አንድ ነገር እውስጡ ሆኖ ሊወጣ የሚዳብስ መሰለኝ።

የሣር ሥር ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። ያን ቀን ከሰማይ የወረደ ድንጋይ በስንጥቁ የሣር ሥር ከየት ያመጣል? ሥሩን እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት፣ ሁሉም አይቶታል። አንድም የጠየቀ አልነበረም። አባቴም ቀናት ሲያልፉ «በፊት ነው ያገኘሁት» ማለቱን ተወ። እሱም እየተጠራጠረ መጣ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የሚገባ ሰው ጠፋ። እናቴ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱባታል። ልጆቹ እኔን «የመብረቅ ልጅ፣ አትጠጊን ታስመቺናለሽ!» ይሉኛል። ቅሬው፣ ሰው ሲሞት የሚቀብረን ማኅበር ማለት ነው፣ «ጉዳዩ እስኪያልቅ ከቸኮል ቤት ሬሳ አናነሣም» አለ። የምትመጣው ኡሙልኸይር ብቻ ነበረች። በጓሮ በኩል ትመጣና «አብሽሪ ሰብሌ፣ ያልፋል» ብላ የያዘችውን ጥላልን ትሄዳለች።

ክረምቱ ደግሞ ክረምት ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። እኔ ያኔ አልጋ ሥር እገባለሁ። በሕፃን ልቤ እንዲህ ደመደምኩ፤ ሚካኤል የወረወረው ለአባቴ ነው፣ ሳተውና ቦራን መታው፣ ስለዚህ ይመለሳል። መቼ እንደሚመለስም አወቅሁ። ሚካኤል በወር በወሩ ነው የሚውለው። ሐምሌ ሚካኤል ይመጣል።

ሐምሌ ገብቶ ጥቂት እንደቆየ የሰበካችን ቄስ አባ ዘማርያም መጡ። ወደ ቤት አልገቡም፣ አጥሩ ላይ ቆሙ። እኔ ጎተራው ሥር ነበርኩ።

«ቸኮል ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ጨርሰዋል። በሚካኤል ዕለት ድንጋዩን በአንገትህ ተሸክመህ ደጁ ታመጣዋለህ።»

«እሺ አባቴ።»

«ራስህን ተላጭ። ነጭ ልበስ። ጉድጓዱን በሩ አጠገብ አስቆፍሬአለሁ።»

«ሕዝቡ እምቢ ቢልስ አባቴ?»

አባ ዘማርያም መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሚካኤል ያውቃል» አሉና ሄዱ።

የበደለ ሰው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት እንደሚወድቅ፣ ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን እንደሚያነሣለት እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ያኔ አይቼው አላውቅም። አይቼ የማውቀው ቀብር ነው። አያቴ ሲሞት ራሱን ላጭተውታል፣ ነጭ ጠቅልለውታል፣ ጉድጓድ ቆፍረውለታል። ከላዩም ድንጋይ ጭነውበታል።

አባቴን ሊቀብሩት ነው አልኩ። በሕይወቱ ሳለ፣ ከነድንጋዩ። እሱም «እሺ አባቴ» አለ።

በዚያው ሰሞን እናትና አባቴ ከጓሮ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ዝናቡ ሣሩን ይደበድባል፤ ድምፃቸው ቆረጥ ቆረጥ እያለ ነው የሚደርሰኝ። እናቴ የጋቢውን ጫፍ ጨብጣ ታለቅሳለች። አባቴ፣ እኔን እንኳ ተቆጥቶኝ የማያውቀው ሰው፣ ጋቢውን ከእጇ መነጨቀ።

«ሁለተኛ ይህን ከአፍሽ እንዳላወጣ!» አላት። «አንድ ድንጋይ ለአንድ አንገት ይበቃል!»

እናቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጠላችው ብዬ አመንኩ። በእሱ ምክንያት ሰው ስለሸሻት፣ ስላፈረችበት ነው የሚጣሉት አልኩ። ይህን እምነት ስንት ዘመን ይዤው እንደኖርኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ከሚካኤል በፊት በነበረው ቀን እናቴ ጋቢውን በእንዶድ አጠበችው። እኔ ምድጃው አጠገብ ተሰቅሎ ሲደርቅ ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ። እየነጣ በሄደ ቁጥር ሞቱ የቀረበ መሰለኝ። ሲነጋጋ ሁሉም ሳይነሡ ጋቢውን አወረድኩት። ከእኔ ይበልጣል፤ በጭቃው ላይ እየጎተትኩ ጅረቱ ድረስ ወስጄ ነከርኩት። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰው አይቀብሩም ብዬ ነው። ተሸክሜው ስመለስ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። መልሼ ሰቀልኩትና ተኛሁ።

እናቴ ስትነሣ ጋቢውን ያዘችው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ጨመቅ አደረገችው።

«ይሄ ትናንት የታጠበው አይደለም» አለች። «ምድጃ አጠገብ ያደረ ጋቢ እንዲህ አይንጠባጠብም። ይሄ አሁን ነው ከውሃ የወጣው።»

አባቴ እኔን አየ። ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ነበርኩ። ከዚያ ሳቀ፤ ከሰኔ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አምጪው» አለ፣ «እርጥቡን እለብሰዋለሁ። ልጄ ነች ያጠበችልኝ።»

ድንጋዩን ሁለት ሰው አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገለት። ስለ ክብደቱ ሰው ሁሉ ይገረም ነበር፤ በመጠን ከሚያክለው ሌላ ድንጋይ ይልቅ በጣም ይከብዳል። የአባቴ አንገት ወደ ፊት ጎበጠ። እኔ ከኋላ የጋቢውን ጫፍ ይዤ ተከተልኩት። ከጋቢው ውሃ ይንጠባጠባል፣ መንገዱ ሁሉ ላይ። የሚያለቅስ ይመስል ነበር። ከድንጋዩ ስንጥቅ ነጫጮቹ ጣቶች ደርቀው ተጣብቀዋል፤ ማጅራቱን የሚነኩት ይመስለኛል።

ሰዉ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ግራና ቀኝ ቆሟል። ጉድጓዱን አየሁት። ትንሽ ነበር። «አጣጥፈው ነው የሚቀብሩት» አልኩ።

አባቴ ተንበረከከ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ተንበርክኮ ቆየ። እናቴ ከሴቶቹ ርቃ፣ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ወደ እሱ አታይም። ኡሙልኸይር ደግሞ ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ናት። ቅዳሴው አልቆ አባ ዘማርያም መስቀሉን ይዘው ሲወጡ ሰማዩ እንደገና ጠቁሮ ነበር።

«ምእመናን፣ ምን ትላላችሁ?» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ይሄነው መሬት መሬቱን ያያል።

ያኔ ሰማዩ አጓራ። ከወዲያኛው ገደል ተነሥቶ እየተንከባለለ መጣ። እኔ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ጮኼ ሮጥኩና ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ከአባቴ አንገት ላይ ላነሣው። መብረቁ ድንጋዩን ፈልጎ ነው የሚመጣው፣ ከላዩ ካነሣሁለት እሱን ይስታል ብዬ ነው። እታገላለሁ፣ አይነቃነቅም፣ እጮሃለሁ። አባቴ ከሥር «ልቀቂ ልጄ፣ ይወድቅብሻል» ይለኛል።

«ኧረ በአላህ፣ ይቅር በሉት!» አለች ኡሙልኸይር ከአጥሩ ወዲያ።

አባ ዘማርያም እጃቸውን አነሡ። «ሕፃኗ አንሥታለች» አሉ። «እናንተስ?»

እኔ ይቅር ማለቴ አልነበረም። ከመብረቁ ላሸሸው ነበር። ግን በአገራችን ደንብ ድንጋዩን የሚያነሣ ይቅር ያለ ሰው ነውና፣ ከእጄ ሥር ሌላ እጅ ገባ። የይሄነው ነበር። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ድንጋዩ ተነሣ። «እግዚአብሔር ይፍታህ!» አለ ሰዉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የተከሉት አባቴን ሳይሆን ድንጋዩን ነበር።

የአባቴ አንገት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጥ ብሎ አያውቅም። እናቴ ደግሞ በዚያ በር ገብታ አታውቅም። ዞራ በወዲያኛው በር ነበር የምትገባው፣ ዝናብም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን። አባቴ ሲሞት እንኳ ሬሳው በዚህ በር ሲገባ እሷ ዞራ ሄደች። እኔም በልቤ፣ «እስከ መቃብር አፈረችበት» አልኩ።

እንግዲህ ዘመን አለፈ። እኔ አግብቼ መካነ ሰላም ገባሁ፣ እናንተን አየሁ። እናቴን አርጅታ ዓይኗ ሲደክም ወደ ቤቴ አመጣኋት። ሰማይ ባጓራ ቁጥር ጋቢዋን እስከ ራሷ ትሸፍናለች። «አልታዬ፣ ስሞት በየትኛው በር ነው የምታስገቡኝ?» ትለኛለች። «በዚያኛው አይሁን። አደራ።» እኔ እርጅና ነው እላለሁ።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ፍቅርአዲስ የምትባል ልጅ መጣች። የከላላ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ ነው የተማረችው። ሚካኤልን ልትሳለም መጥታ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች፣ ቆም አለች፣ ከቦርሳዋ ማግኔት አወጣች። ማግኔቱ ተለጠፈ። የማን እንደሆነ ስትጠይቅ ወደ እኔ ላኳት።

«እማማ፣ ይህ የምድር ድንጋይ አይመስለኝም» አለችኝ። «ከጠፈር የወደቀ ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ በልቤ አንድ ጥግ ላይ «ምናልባት ተራ ድንጋይ ይሆናል» የሚል ተስፋ ነበረኝ። እነሆ፣ የተማረችውም ከሰማይ ነው አለች።

«መቼ ነው የወደቀው?» አልኳት።

«እሱን በዓይን አይቼ ማወቅ አልችልም። ግን መለካት ይቻላል። ድንጋዩ ጠፈር ላይ ሳለ ጨረር ሳያቋርጥ ይመታዋል፤ በዚያ የተነሣ እውስጡ ካርቦን ዐሥራ አራት የሚባል ነገር ይፈጠራል። ምድር ላይ ሲወድቅ አየሩ እንደ ጣራ ይከልለዋል። አዲስ አይፈጠርበትም ማለት ይቻላል፤ የነበረው ብቻ በታወቀ ፍጥነት እየጠፋ ይሄዳል። የቀረውን ለክተን የወደቀበትን ዘመን እናወጣለን።»

ትንሽ አሰብኩ። «እንደ ጋቢ በይኛ! ወንዝ ውስጥ ሳለ ውሃ ይጠጣል። ካወጡት በኋላ መድረቅ ነው።»

«እንደሱ እማማ። ይሄ ግን አደራረቁ በጣም ቀስ ያለ ነው። ግማሹ እስኪጠፋ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። እርስዎ ልጅ ሳሉ ወድቆ ከሆነ ገና ይንጠባጠባል።»

የጥፍር ያህል ቁራሽ ፈለገች። ሽማግሌዎቹ ተነሡባት፤ «የይቅርታ ድንጋይ ነው፣ ብረት አይነካውም» አሉ። እኔ ነኝ ቆሜ «በአባቴ አንገት ላይ የነበረ ነው፣ ትውሰድ» ያልኩት። ቁራሹን ይዛ ስትሄድ ግን እንቅልፍ ጠፋኝ። ምን አደረግሁ? «ይንጠባጠባል» ብትለኝስ? ያን ጊዜ አባቴ ዋሽቷል ማለት ነው፣ ሰማይም በእርግጥ ወርውሮበታል ማለት ነው። ቁራሹ ባሕር ማዶ ተልኮ እስኪለካ ከዓመት በላይ ቆየ። እናቴ ደግሞ በየቀኑ እየደከመች ነው። ከነፍርሃቷ እንዳትሄድብኝ አንድ ልቤ «ቶሎ ይድረስ» ይላል፣ አንዱ «አይምጣ» ይላል።

ፍቅርአዲስ ባለፈው ሰኔ በእግሯ መጣች። ደጃፉ ላይ እያለች ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ።

«ደርቋል እማማ» አለችኝ። «ብዙው ደርቋል። ወደ ዘጠኝ ሺህ ዓመት ይሆነዋል። አንድ ሺህ ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ነው።»

ቁጭ አልኩ። ዘጠኝ ሺህ ዓመት። ሚካኤል ደጅ ሳይሠራ፣ ሞፈር በዚያ መሬት ሳያልፍ። እዚያው አፈር ውስጥ ሆኖ ሣር ሥሩን ሰዶበት።

«በሬውንስ ማን መታው?» አልኳት።

«መብረቅ ነዋ። ትልቅ ዛፍ ሥር ታስሮ ነበር አላሉኝም?»

እናቴ ጓዳ ተኝታ ነበር። እንዴት እንደምነግራት አላወቅሁም፤ ዘጠኝ ሺህ ዓመት ለሷ ምኗ ነው? አንድ ነጠላ ነክሬ ጨመቅሁ፣ ሌላ ደረቅ ነጠላ ያዝኩ፣ ሁለቱንም እጇ ላይ አደረግሁላት።

«እማ፣ ዛሬ ከውሃ የወጣው የቱ ነው?»

«ይሄ ነዋ» አለች፣ እርጥቡን ጨመቅ አድርጋ። «ምን ሆነሻል?»

«ድንጋዩንም እንዲህ ዳብሰው አዩት። ደረቅ ነው እማ። ያን ቀን የወረደ አይደለም። ሰው ከማያስታውሰው ዘመን ጀምሮ አፈር ውስጥ ነበር። አባዬ እውነቱን ነው።»

ደረቁን ነጠላ በጣቶቿ አሻሸችው። ከዚያ፣

«እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት» አለች።

«ምን አልሽ እማ?»

«እሱ በዓል አልሽርም ብሎ ነበር። ተራው ካለፈን ልጆቹን ምን ላበላቸው ነው ብዬ አለቀስኩበት። ሲጠሩት እኔ ልሸከመው ስለው ተቆጣኝ። ሆድሽ ውስጥ ልጅ አለ አለኝ። ድንጋዩ የመጣው ለኔ ነበር፣ አልታዬ። በዚያ በር ባልፍ የሚያውቀኝ ይመስለኝ ነበር።»

እጇን ያዝኩት። በዚያ ሁሉ ዘመን በአባቴ ያፈረች የመሰለችኝ እናቴ፣ ድንጋዩ እንዳያያት ነበር የምትዞረው።

«እንግዲያው በከንቱ ተሸከመው?» አለችኝ።

ያን ቀን ከጉብታው ላይ ያየሁትን ነገርኳት፤ በሬዎቹ ተፈትተው፣ እሱ ትልሙ ውስጥ ተንበርክኮ፣ እጁን አፈር ውስጥ ከትቶ። የሚሰግድ መስሎኝ እንደነበር ነገርኳት።

እናቴ ቀና አለች። «ጽዱ ጋ አልነበረም?»

«አልነበረም። ከጽዱ ርቆ ጎንበስ ብሎ እየቆፈረ ነበር።»

«ድንጋዩ ማረሻውን ባይዝበት... መብረቁ ሲወርድ ከበሬዎቹ ኋላ፣ እጽዱ ሥር ይደርስ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ቀን ሲበራ በበቅሎ አድርገን ወሰድናት። በዚያ በር። እኔና ፍቅርአዲስ ግራና ቀኝ ደግፈናት ወረደች። እጇን ዘረጋች፣ እንደ ትኩስ ብረት ፈርታ አንዴ ሰበሰበችው፣ እንደገና ዘረጋችው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

በዚያው ክረምት ነው ያረፈችው። በዚሁ በር አስገባናት።

ነጎድጓዱ ራቀ፣ ሰማሽ አይደል ትንሿ? አሁን ጆሮሽን ልቀቂው። መብረቅ መብረቅ ነው፣ ዛፍ ሥር አትቁሙ፣ እኔም ብሆን ፍርሃቴን ሁሉ አልጣልኩትም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሚካኤልን ስትሳለሙ እጃችሁን ድንጋዩ ላይ ስታሳርፉ ይህን አስቡ፤ ቸኮል የሚባል ሰው ጆሮው ደንቁሮ «ሳይወርድ በፊት ነው ያገኘሁት» ብሎ ነበር። አንድም ሰው አላመነውም። እናንተ እመኑልኝ። ያን ቃሉን አስታውሱልኝ፣ ልጆቼ።